ሃያ አራት እግሮች በጨው

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። የዲኤንኤ ማባዣ ማሽኑን ወለወልኩ። ጎኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት እንዳትላጥ ዙሪያዋን ብቻ... «በውሰት የተሰጠ፣ ተመላሽ» ትላለች በእንግሊዝኛ። ጠዋት ጠዋት አነባታለሁ። ለምን? እንጃ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ትንሽ መናደድ ያምረኝ ይሆናል።

ሐርጌሳ ከገባሁ አራት ዓመቴ። አሁንም ማስታወሻዬን የምይዘው በአማርኛ ነው። ቀኑም የኢትዮጵያ። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ድሬዳዋ ተምሮ፣ ሐረማያ ባዮሎጂ አጥንቶ ለራስ በሌላ ቋንቋ መጻፍ አይሆንልኝም። ጥቅምም አለው። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ብሄድ እንኳ እዚህ ቢሮ የሚያነበው የለም። አማርኛ የማወራው ከጽዳቷ ሠራተኛ ከዓለምነሽ ጋር ብቻ ነው። የጋአን ሊባህ ሰፈርን ወሬ ሁሉ ታመጣልኛለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን እግሯን አታነሳም፣ ከበሩ ላይ ነው የምትወለውለው። አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ሎብስተር፣ ያን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ፣ አይታ አማተበች። «ኢፍራህ፣ ይሄን የሚያህል በረሮ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ በቃ።

ዛሬ ሌላ ምንም የለም። የፈሳሽ መለኪያ ፒፔቶቹን ቆጠርኩ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

አባቴ እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር፣ ሚኒባሶቹ የሚሞሉበት ጋ ካለችው ሻይ ቤት ደጃፍ አይጠፋም። ሳልፍ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት። «ልጄማ ሽሪምፕ ትቆጥራለች!» ሳቁ። እሱም ሳቀ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለመቁጠር ነው?

ራት ላይ አልለቀቅኩትም።

«ስማ እንጂ አባቴ። ሎብስተር ወደ ውጭ ሲሄድ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ጭራው ብቻ ነው በርዶ የሚጫነው። ጭንቅላት ከሌለው ዝርያውን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ሁሉም በአንድ ስም ይሄዳል። የትኛው እያለቀ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

«ዲኤንኤው ያውቃል።»

የብስኩት ፓኮ አንስቼ ጀርባው ላይ ያሉትን ጥቋቁር መስመሮች አሳየሁት። ካሸሯ በማሽን የምታነባቸውን። እንደዚህ ነው አልኩት። ከእግሩ ትንሽ ሥጋ ትወስዳለህ። ከሥጋው ዲኤንኤ ታወጣለህ። ከዚያ ውስጥ አንዲት አጭር ክፍል ብቻ፣ ስድስት መቶ ሃምሳ ፊደል የምታህል፣ በማሽን ታባዛታለህ። ተነብባ ከዓለም መዝገብ ጋር ስትመሳከር የእንስሳውን ስም ትነግርሃለች።

ብስኩቱን እያገላበጠ ብዙ አየው።

«እና ይሄ ሐርጌሳ ላይ ይሠራል?»

«ኢንሻአላህ።»

«ፈረንጆቹ አይደሉም እንዴ የሚሠሩት?»

እስካሁን እውነቱን ነው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ዶክተር አዋሌ ጠሩኝ። ማሽኑን ያዋሱን የውጭ አገር ሰዎች ደብዳቤ ልከዋል። አነበቡልኝ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ። ከበርበራ ዓሣ አጥማጆች ሃያ አራት እንስሳት። ሎብስተር፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ። ዲኤንኤውን እዚህ እናወጣለን፣ እዚህ እናባዛለን፣ ለንባብ ወደ እነሱ እንልካለን። ከሃያ አራቱ ሃያው ከተነበበ ማሽኑ የኛ ነው። ካልተነበበ ይመለሳል። እኛም እንደ ድሮው ሥጋውን በካርቶን አሽገን እየላክን፣ ስሙን በኢሜይል እየተቀበልን እንኖራለን።

«አንድ ዕድል ነው፣ ኢፍራህ» አሉ።

አውቃለሁ። የዲኤንኤ ማውጫው ዕቃ እንኳ የሃምሳ ብቻ ነው። ሃያ አራት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ትርፍ። አለቀ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሃያ አራቱን ትንንሽ ቲዩቦች በኤታኖል ሞላሁ። ሥጋው እንዳይበሰብስ፣ ዲኤንኤው እንዳይበላሽ። መጠባበቂያ አንድ ትልቅ ጠርሙስም ጨመርኩ። ይሄ ኤታኖል አገር ውስጥ እስኪገባ ሰባት ወር ነው የፈጀብን። አልኮል አይደል? እዚህ አገር ደግሞ ክልክል ነው። ስንት ማኅተም፣ ስንት «ነገ ተመለሽ»። እዚህ ለሥራው የምትበቃ ትንሽ ጠርሙስ ብቻ አስቀረሁ።

እንደ ሐረማያ ልማዴ ትልቁ ጠርሙስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ጎላ አድርጌ፦ «አልኮል 96%»። ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ አለኝ እኔ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሹፌራችን ሻኪር ወደ በርበራ ሄደ። እኔ ልሄድ ነበር፣ ዶክተር አዋሌ የሚኒስቴር ስብሰባ ላይ አስቀሩኝ። ሻኪር የበርበራ ልጅ ነው፣ አርባ አምስት ይሆነዋል፣ አጥማጆቹን በስም ያውቃቸዋል። ከእያንዳንዱ እንስሳ አንድ እግር ቆርጦ፣ ቲዩብ ውስጥ ከቶ፣ ቁጥሩንና ቦታውን መዝግቦ፣ ፎቶ አንስቶ... ሁሉንም ሁለቴ አስደገምኩት።

«ቲዩቡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ።

«መድኃኒት ነው። እንዳትደፋው ብቻ።»

ፈጠን ብዬ መለስኩለት። ዶክተር አዋሌ የጻፉት የኤታኖሉ ፈቃድ ደብዳቤ ከቅጾቹ ጋር ፖስታው ውስጥ አለ።

ጥቅምት 16

አልደወለም። ስልኩ ዝግ ነው።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ያ ረቢ! ያ ረቢ!

መጣ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከፈትኩት። ቲዩቦቹ ውስጥ ጠብታ የለም። ጨው! ደረቅ፣ ሻካራ፣ የበርበራ ጨው እስከ አፋቸው። እግሮቹ በጨው ውስጥ ተቀብረዋል። ትልቁ ጠርሙስ ባዶ።

«ኤታኖሉስ?»

«ደፋሁት።»

ኬላው ላይ አስቁመውታል። ወታደሩ ሳጥኑን ከፍቶ ቀዩን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ። «አልኮል!» ሰልፍ የያዙት መኪኖች ሁሉ ሰሙ። የሻኪርን ቤተሰብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩበት። እሱ መድኃኒት ነው ብሎ ነበር የሚያውቀው። ምን ያድርግ? ወርዶ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አንድ በአንድ አሸዋው ላይ ደፋው። ጉዞውን ግን አላቋረጠም። በርበራ ሲደርስ እናቱ ዛምዛም ጨው ሰጡት። ሻርክ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ በጨው አድርቀው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት።

ይሄን ሁሉ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እኔ ግን ከ«ደፋሁት» በኋላ ጆሮዬ ተደፍኗል። ወደ በሩ ዞሬ ለዓለምነሽ በአማርኛ ጮህኩ።

«ከየት የመጣ ደደብ ነው የጣሉብኝ! የሰባት ወር ልፋቴን አሸዋ አጠጣው እኮ!»

ዓለምነሽ መወልወያዋን እንደያዘች ደረቀች። ሻኪር የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በጠራ አማርኛ፦

«ደደብ አይደለሁም፣ እህቴ። አልተነገረኝም እንጂ።»

ወጣ።

ጅግጅጋ ላይ አሥር ዓመት የአውቶቡስ ረዳት ነበር አለችኝ ዓለምነሽ። እሷ ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል። እኔ ብቻ... አራት ዓመት አብሬው ሠርቼ አንድ ቀን ከየት ነህ፣ የት አደግህ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ዶክተር አዋሌ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«መኪናው ለአንድ ጉዞ ነው የተፈቀደልን። ሌላ ኤታኖል የለም። እስከ ኅዳር አጋማሽ መላክ አለብን። ምን አለሽ?»

«ጨው አለኝ።»

ያልኩት በንዴት ነበር። ቢሮዬ ገብቼ ግን አሰብኩት። ለመሆኑ ጨው ምን ያደርጋል? ውሃውን ከሥጋው ይመጥጣል። ውሃ ከሌለ የሚያበሰብሰው ነገር ሁሉ ሥራ ይፈታል። ታዲያ ዲኤንኤውስ ለምን ይሞታል? ሳነብ ዋልኩ። በጨው አቆይተው የተሳካላቸው ሰዎች አሉ... ግን ከጉዞ በፊት አስበውበት ነው፣ እንደ እኔ በድንገት አይደለም።

ከሐርጌሳ ገበያ ሃያ አራት ገዝቼ ብተካስ? የት እንደተያዘ፣ ማን እንደያዘው የማይታወቅ ነገር? ሰይጣን ነው ያሰበልኝ። አስተግፊሩላህ።

የሻኪርን መዝገብ አየሁት። አንድ ስህተት የለበትም። ሰዓት፣ ቦታ፣ የጀልባው ባለቤት። አሥራ ሰባት ቁጥር ሎብስተር ጎን፣ ዓይነቱን በሚኖርበት ቦታ ለይቶ፣ በሶማሊኛ ማስታወሻ ጽፏል፦ «ይሄ የድንጋዩ ነው፣ የአሸዋው አይደለም»። ፎቶውን አየሁ። የአሸዋው ነው እንጂ! ቀለሙ ያስታውቃል። ሰረዝኩበት። ሹፌር ሊያስተምረኝ!

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ከእያንዳንዱ እግር ግማሹን ቆርጬ፣ ጨውን አራግፌ፣ ሦስት ቀን ሠራሁ። ዛሬ ውጤቱን ዲኤንኤው ተዘርግቶ በሚታይበት ጄል ላይ አየሁ። የተሳካ ቢሆን በሰማያዊው መብራት ሥር እንደ ጭረት የምታበራ መስመር በየቁጥሩ ትወጣለች።

ባዶ። ሃያ አራቱም ባዶ። ለማመሳከሪያ ያስገባሁት፣ ፈረንጆቹ የላኩልን ዲኤንኤ ብቻ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ማሽኑ ደህና ነው ማለት ነው። የጠፋው የኛው ነው።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። አባቴ «እንዴት ዋልሽ?» ሲለኝ «ሽሪምፕ ስቆጥር» አልኩት። አልሳቀም።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ሻኪር ጋ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የመኪና መስታወት ያጥባል። አጠገቡ ቆምኩ። አላየኝም። ወይም ላለማየት ነው።

«ሻኪር፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ምን እንደያዝክ ልነግርህ ይገባ ነበር። ሹፌር ነው፣ ምን ይገባዋል ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ይኸው ነው እውነቱ።»

ጨርቁን ጨመቀ።

«ብትነግሪኝ ደብዳቤውን አወጣላቸው ነበር። ዶክተር የጻፈው ወረቀት እያለ ማን ያዋርደኝ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ደደብ ያልሽኝ በአማርኛ ስለሆነ ነው የተረፍሽው። በሶማሊኛ ቢሆን ቢሮው ሁሉ ይሰማ ነበር።»

ሳቀ። እኔም፣ እንባዬ እየመጣ። ሥራው እንዴት ሆነ ሲለኝ ባዶ ወጣ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ጥፋቱን ሁሉ ራሱ ላይ ሊያደርገው እንደሆነ ገባኝ። አቦ፣ የኔም ድርሻ አለበት አልኩት። የተቀበለኝ አይመስለኝም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ዛሬ ሥራ የለም። ሻኪር ደወለ። «እናቴ ልታናግርሽ ትፈልጋለች» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው። ለምሳ ከበርበራ መጥተው እሱ ቤት ናቸው።

«ልጄ፣ የኔ ጨው ነው አሉ ሥራሽን ያበላሸው?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም እናቴ...»

«የኔ ጨው ሥጋ አበላሽቶ አያውቅም። አርባ ዓመት! እንዴት አደረግሽው? ንገሪኝ።»

እንዴት ብዬ ላስረዳ? ጨውን አራገፍኩ፣ ሥጋውን ከተፍኩ፣ ከመድኃኒት ጋር...

«ቆይ ቆይ። ሳትዘፈዝፊው?»

«አልዘፈዘፍኩም።»

«እንዴ! ላይ ላዩን አራግፈሽ? ጨው እኮ ውስጥ ነው የሚገባው! እንደዚያ ያለውን ማን ይበላዋል? ቀዝቃዛ ውሃ ታደርጊበታለሽ፣ ትቀይሪዋለሽ፣ ደግመሽ ትቀይሪዋለሽ። ሦስተኛውን ውሃ ስትቀምሺው ጨው ጨው ካላለ ያን ጊዜ ወደ ድስቱ። የማን ልጅ ናት ይቺ፣ ሻኪር?»

ስልኩን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጨው ማሽኑ ውስጥ የሚሠራውን መድኃኒት እንደሚያሰናክለው ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሼዋለሁ! በንዴትና በችኮላ ረስቼው... ዲኤንኤው አልጠፋ ይሆናል። ጨው ይዞት ይሆናል።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

የቀሩትን ግማሽ እግሮች አወጣሁ። ሃያ አራት ግማሽ። የዲኤንኤ ማውጫ ሃያ ስድስት። ከዚህ በኋላ ምንም የለም።

ውሃው ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ ፍሪጅ ውስጥ። ብዙ ቆይቶ ዲኤንኤው እንዳይበላሽ ፈርቼ በየሃያ ደቂቃው ቀየርኩት። አንድ። ሁለት። ሦስት። የመጨረሻውን ውሃ እንደ ዛምዛም አልቀመስኩትም፣ በመለኪያ ነው ያየሁት። ጨው የለም። እስቲ ብቀምሰውስ? ምላሴን አስነካሁት። ዓለምነሽ አየችኝ። «ወይኔ ልጄን፣ የበረሮውን እጣቢ!» ብላ ሮጠች።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሃያ ሦስት! ሃያ ሦስት!!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱን አበራሁ። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል። ቁልጭ ያሉ፣ እኩል የቆሙ። አሥራ አንድ ቁጥር ብቻ ባዶ። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ዓለምነሽ! ነይ እዪ!»

ገባች። እውነቴን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፏን ተሻግራ ገባች። ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ መስመር የዚያ የበረሮው ነው?»

«አዎ! እዚህ ነው የወጣው! በዚህ በእጄ!»

እልልታዋን አቀለጠችው። ዶክተር አዋሌ ምን ተፈጠረ ብለው በግራ እግራቸው ብቻ ጫማ አድርገው መጡ። ለሶላት ሊታጠቡ ነበር። ጄሉን አይተው «ማሻአላህ» አሉ። ባንድ እግር ጫማ ብዙ ቆሙ።

ሻኪርን ጠርቼ አሳየሁት። እናቱ ጋ ደወለ። «ሆዮ፣ ወጣ!» እሳቸውም ወዲያ ማዶ፦ «ነግሬያት የለ!»

ኮራሁ። በራሴ ኮራሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ደስታዬ ሁለት ቀን አልቆየችም። የመላኪያው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ናሙናው በምን ቆየ? ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ በኤታኖል ያልቆየ ናሙና አንቀበልም።

ዶክተር አዋሌ ቅጹን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ኤታኖል የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ዲኤንኤው ያው ነው። ማን ሊያጣራ?»

ልክ ናቸው። ማንም አያጣራም። እስክሪብቶውን አነሳሁ። አስቀመጥኩ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ አላስቻለኝም። የሎብስተር ጭራ በሌላ ስም ተጭኖ መሄዱ አይደል ያንገበገበኝ? እኔስ ጨውን ኤታኖል ብዬ ልጫን? ከዚያ በምን አፌ ነው ስለ ትክክለኛ ስም የማወራው? ግን ደግሞ እውነቱን ጽፌ ቢመልሱትስ? ማሽኑ ይሄዳል። የሻኪር መዋረድ፣ የዛምዛም ጨው፣ የኔ ልፋት፣ ሁሉም ሜዳ ላይ። አባቴም እስኪሞት ሽሪምፕ ትቆጥራለች እንዳለ...

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

«ጨው» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ገጽ አያይዤ ሁሉንም አብራራሁ። ኬላውን፣ የራሴን ጥፋት፣ የመጀመሪያውን ባዶ ጄል፣ ሦስቱን ውሃ። የጄሎቹን ፎቶ ሁለቱንም፣ ባዶውንም ጭምር። ዶክተር አዋሌ አንብበው ረጅም ተነፈሱ።

«ግትር ነሽ።»

«የድሬ ልጅ ነኝ።»

ፈረሙ። ከሰዓት ጥቅሉን ሻኪር ኤርፖርት አደረሰው። በዚህኛው ላይ ምን እንዳለ ቁጭ አድርጌ ነው ያስረዳሁት፣ ደብዳቤውም በእጁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መለሱ። አጭር ኢሜይል ናት። «ያልተለመደ ነው። በእናንተ ኃላፊነት እናነበዋለን። ከሃያ በታች ከሆነ ስምምነቱ ያበቃል።»

አልመለሱትም! አልሐምዱሊላህ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ምንም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ኢሜይሌን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ «ሽሪምፖቹ ደረሱ?» አለኝ። ሲያሾፍ መስሎኝ ነበር። ከምሩ ነው። ብስኩቱን ካሳየሁት ወዲህ ሱቅ ሲገባ መስመሮቹን ሲያይ ነው የሚውለው አለችኝ እናቴ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ሃያ ሁለት።

ሃያ ሁለት ተነበበ! ሃያ ነበር የተባለው! አንዱ ጫፉ ተቆርጦ ነው የተነበበው፣ እሱን አልቆጠሩልንም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ ስለዚህ አልተናደድኩም። እኔ! አልተናደድኩም!

ፊደሎቹን ራሴ መዝገቡ ውስጥ አስገብቼ ራሴ አመሳከርኩ። ማንም በኢሜይል ስም እንዲነግረኝ አልጠበቅኩም። አንዱን አስገብቼ «ፈልግ» እላለሁ። ስም ይወጣል። ቀጣዩ። ስም። በዓይን አንድ ይመስሉ የነበሩ ሸርጣኖች ሁለት ዓይነት ሆነው ቁጭ። ሎብስተሮቹ እኔ ሦስት ብያቸው የነበሩት አራት።

አራተኛው ማን ነው? አሥራ ሰባት ቁጥር። የድንጋዩ ነው፣ የአሸዋው አይደለም። ሻኪር እንዳለው። እኔ በንዴት የሰረዝኩበት።

ወርጄ ነገርኩት። «አሥራ ሰባትን አንተ ነህ ያወቅከው፣ እኔ ተሳስቻለሁ።»

«እግሩ እኮ ያስታውቃል» አለ ሞተሩን እያየ። «የድንጋዩ ጸጉር አለው። አንቺ ቀለም ነው የምታዪው።»

ሰረዙን አጥፍቼ የሱን ጽሑፍ እንደነበረ መለስኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! መሳሳት እንዲህ ደስ ይላል እንዴ?

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ደብዳቤው ደረሰ። ማሽኑ ይቀራል። በዚያ ላይ የጨውን አሠራር በሥርዓት ጽፈን እንድንልክላቸው ጠይቀዋል፣ ኤታኖል የማይደርስባቸው ሌሎች የባሕር ዳር ቦታዎች አሏቸውና። እነሱ ከኛ ሊማሩ! ዶክተር አዋሌ ደብዳቤውን ሁለቴ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ።

ጠዋቱን ሙሉ አሠራሩን ጻፍኩ። ጨው፣ ዓይነቱና መጠኑ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ። ከሥሩ የዘዴው ባለቤት፦ ዛምዛም፣ በርበራ። ሃያ ሁለቱንም መዝገብ ላይ አስገባሁ። ሻኪር ስክሪኑ ፊት ቆሞ አስነበበኝ። ሰብሳቢ፣ ሻኪር። የቆየው በጨው። የለየችው፣ ኢፍራህ። ላቦራቶሪ፣ ሐርጌሳ። «እስቲ ደግመሽ» አለኝ። ደገምኩለት። «እስቲ አንዴ።» ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው፣ ለእናቱ።

አባቴ መጣ። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮዬ መጣ። ጓደኞቹንም አስከትሏል፣ ሦስቱንም፣ ከነከዘራቸው። ሻይ ቤቱን ዘግተው ነው የመጡት ማለት ይቻላል። አንደኛው እንደ ልማዱ «እሺ፣ ሽሪምፕ ቆጣሪዋ!» ሲል አባቴ ቆጣ አለ። «ምን ሽሪምፕ ትላለህ! ና እይ!» ብሎ ክንዱን ይዞ ስክሪኑ ጋ አቆመው። ከኪሱ የብስኩት ወረቀት አወጣ። አጣጥፎ ይዞት ኖሯል። ከዚያ ስለ ፊደሎቹ፣ ስለ ጭራው፣ ስለ መዝገቡ ሁሉንም ራሱ አስረዳቸው። አንድም አልተሳሳተም። ስድስት መቶ ሃምሳ ብሎ ቁጥሩን እንኳ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አፌን ይዤ እሰማለሁ።

«እዚህ ነው የሚሠራው» አላቸው በመጨረሻ። «ሐርጌሳ። ልጄ ናት የምትሠራው።»

ሲሄዱ ማሽኑ ጋ ሄድኩ። ወረቀቷን በጥፍሬ ልልጣት ስል እምቢ አለች። «ቆይ፣ ዘፍዝፊያት እንጂ!» አለ ሻኪር ከበሩ። ዓለምነሽ እርጥብ ጨርቅ አመጣች፣ ከፍሪጁ አጠገብ ማለፏን እንኳ ሳታስተውል። ጨርቁን አንዴ አርሰን ለጠፍንበት። ሁለቴ። በሦስተኛው ወረቀቷ ሙሉዋን ተነሳች።

ሙጫው ትንሽ ቀርቷል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብቼ ማሽናችንን እወለውለዋለሁ። ዙሪያውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን።